ትኩሳቱ ሲበርድ ሆዱን እንመልከት

ዴንጊ ስለሚባለው ትኩሳት ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው ራስ ምታቱንና አጥንት የሚሰብረውን ቁርጥማት ነው። ዳሩ ግን በሽታው የሆድ ዕቃንም ክፉኛ እንደሚጎዳ ማወቅ ይገባናል።

በሽታው ለአገራችን ሩቅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በሐርጌሳ አጠገብ በነበረ የስደተኞች ሰፈር ወባ የሚመስል ትኩሳት ተነሥቶ፥ የሰዎቹ ደም ሲመረመር የዴንጊ ምልክት ተገኝቶበታል። በ2013ም ወረርሽኙ ድሬዳዋ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው አሟል። በሽታውን የምታስተላልፈው ቢምቢ በቀን ትነድፋለች፤ የምትፈለፈለውም በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ በሚቸግርባት በሐርጌሳ፥ በዋሄን ገበያ ዙሪያም ቢሆን፥ ያልተከደነ በርሜል ሁሉ ለእርሷ መራቢያ ይሆናል።

ሕመምተኛው ምግብ ይጠላል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል። ጉበቱ ሊያብጥ፥ የሐሞቱ ከረጢት ግድግዳ ሊወፍር፥ አልፎ አልፎም ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ የትርፍ አንጀት ወይም የሐሞት ጠጠር ይመስላል። በሽታው ሲጠና ደግሞ የደም ሥሮች ፈሳሻቸውን መያዝ ያቅታቸውና ወደ ሆድ ዕቃ ይለቁታል፤ ደሙ ይወፍራል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል።

ቤተ ሰብን የሚያታልለው የዚህ አደጋ ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ «ተመስገን፥ ተሻለው» ይላል፤ የሚያሰጋው ግን ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ያለው አንድና ሁለት ቀን ነው። ብርቱ የሆድ ቁርጠት፥ የማያቋርጥ ትውከት፥ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም ጥቁር ሰገራ፥ የድድ መድማት፥ መፍዘዝ ወይም የእጅና የእግር መቀዝቀዝ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ለትኩሳቱና ለሕመሙ አስፒሪንም ሆነ ኢቡፕሮፌን መስጠት አይገባም፤ ሁለቱም ጨጓራን አቁስለው ደም መፍሰስን ያባብሳሉና። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ነገር ግን ከታዘዘው መጠን ቢያልፍ የታመመውን ጉበት ይጎዳል። የሆድ ሕመም ነው ብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትም የሰውነቱን ውሃ ያሟጥጣል። መጠጣት ለሚችል ሕመምተኛ ውሃ፥ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም በጨውና በስኳር የተዘጋጀውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ ማጠጣት ይጠቅመዋል።

ለዴንጊ በሽታውን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት አልተገኘለትም። እንግዲህ በእጃችን ያለው ሁለት ነገር ነው፤ በርሜሉን መክደንና በየሳምንቱ ፈግፍጎ ማጠብ፥ ሰው ከታመመም ትኩሳቱ ሲበርድ ከአልጋው አጠገብ አለመራቅ።