ባይተዋርነት በምን ይለቃል? ከሙሴ ዘመቻ 40 ዓመት በኋላ የተደረገ ዳሰሳ

ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን (የኢትዮጵያ አይሁድን) በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያሻገረው «የሙሴ ዘመቻ» ከተካሄደ 40 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘለቀው በዚህ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰው እስራኤል ደርሷል፤ 4 ሺህ የሚገመት ወገን ደግሞ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ረግፏል። ዘመቻው ሲወሳ ጉዞው ይተረካል፣ አብራሪዎቹና ሰላዮቹ ይሞገሳሉ። ከደረሱ በኋላ ያለው 40 ዓመት ግን በውጭ አገር መኖርንና መልመድን ለሚመረምረው የጥናት ዘርፍ ከጉዞው የበለጠ ትምህርት አለው ባይ ነኝ። ዘርፉ ለረጅም ጊዜ የተመራው በሁለት ግምቶች ነው፤ አንደኛው ጊዜ ያለማምዳል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው መኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ያገኘ ሰው የቀረውን ራሱ ይወጣዋል የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ባይተዋርነት የሚለቀው ግን ሰው በሚኖርበት ቦታ የሚወስነው ጉዳይ፣ የሚጠየቅበት ኃላፊነትና የሚሰማ ቃል ሲኖረው ነው።

የጊዜን ግምት ያስፋፉት የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ናቸው። ኖርዌያዊው ስቬረ ሊስጎርድ በፉልብራይት ዕድል አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ ከ6 ወር በታች ወይም ከ18 ወር በላይ የቆዩት ደኅና እንደነበሩ፣ በመካከል ያሉት ግን እንደከፋቸው እ.ኤ.አ. በ1955 ጻፈ። አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግም በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ «የባህል ድንጋጤ»ን በደረጃ ከፋፈለው፤ መጀመሪያ ጫጉላ፣ ቀጥሎ ምሬት፣ ከዚያ ማገገም፣ በመጨረሻም መልመድ። ታሪኩ ያጽናናል፤ ቢከፋህም ያልፋል ይላልና። ማስረጃው ግን ስስ ነው። ሊስጎርድ ያነጻጸረው የተለያዩ ሰዎችን እንጂ አንዱን ሰው ከመነሻው እስከ መጨረሻው አልተከታተለም። ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የገቡ ጃፓናውያን ተማሪዎችን ከደረሱበት ጊዜ ጀምረው ሲከታተሉ፣ ጭንቀቱ የባሰው ገና ሲገቡ ሆኖ አገኙት፤ ጥናታቸው በ1998 ሲወጣ ጫጉላው የለበትም። ስለ ኩባንያ ተልእኮኞችና ስለ ምቹ ከተሞች ደረጃ የሚያወራው ሌላው ቅርንጫፍ ወረቀቱ ብዙ ነው። የሚነግረን ግን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አሠሪው የሚችልለት ሰው ቅሬታው አነስተኛ መሆኑን ስለሆነ እዚህ ላይ ልለፈው።

የካናዳው ጆን ቤሪ ከዚህ ራቅ ብሎ ሄዷል። በእሱ አከፋፈል መጤ የራሱን ባህል እንደያዘ ከአገሬው ጋር ሊዋሐድ፣ የራሱን ጥሎ ሊዋጥ፣ ተነጥሎ ሊኖር ወይም ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። ቤሪ ራሱ የአስተናጋጁ አገር ፖሊሲ ወሳኝ መሆኑን ቢያስገነዝብም፣ የተከተሉት ብዙዎች አራቱን ነገሮች መጤው መርጦ እንደሚያደርጋቸው አድርገው ያወራሉ። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ከእነዚህ የትኛውን መረጠች ይባላል? በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ዓረብኛውን ብታቀላጥፈው፣ የቤቱን ልጆች ጡት ከጣሉበት ጀምራ ብታሳድግ እንኳ የምትወስነው ነገር የለም። እነዚያው ሴቶች ቤይሩት ላይ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሰባሰቡ የለም ወይ፣ እርስ በርስ ይረዳዱ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን፤ ለእኔ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ድጋፍም የለም፤ ሰው መሆናቸው የሚታወቀው እርስ በርስ ኃላፊነት በሚሸከሙበት በዚያ አንድ ቀን ነውና። ግን ቀኑ ያለ መሠረት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብዙዎቹን አሠሪዎቻቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደዋቸው ሄዱ። ከዚያ በፊትም ሳውዲ ዓረቢያ ከ2013 ኖቬምበር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ ከእነሱ ውስጥ ዓመታት የኖረም፣ ትላንት የገባም ነበረበት።

እንግዲያው መፍትሔው ወረቀት ነው ወደሚለው እንምጣ። ቤተ እስራኤላውያን ማንም ስደተኛ የማያገኘውን ነው ያገኙት። የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ከዳን ነገድ የወጡ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት ለአይሁድ ዜግነት የሚሰጠው የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ስለዚህ በሙሴ ዘመቻ የመጡት እንደ ዜጋ ነው የገቡት፤ ያውም ለትውልዶች ሲጸልዩለት ወደነበረው አገር። ሆኖም ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋብቻቸውን ለመመዝገብ ወደ አይሁድነት የመለወጥ ምሳሌያዊ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቀ። በ1985 መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃውሞ አሰሙ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክርክር የአይሁድነት ማረጋገጫ ጉዳይ አድርገው ብቻ ያዩታል። እኔ ግን ክብደቱ የማኅበረሰቡ የሃይማኖት መሪዎች በሆኑት ቄሶች ሥልጣን ላይ ነው እላለሁ። በጎንደር መንደር የሚያጋባው፣ የሚያፋታው፣ የሞተውን የሚሸኘው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው ቄስ በኢየሩሳሌም ሕግ ፊት ጥንዶችን ማጋባት የማይችል ሽማግሌ ሆነ። ሥልጣኑ ሲወሰድ የሄደው የአንድ ሰው ማዕረግ ብቻ አልነበረም፤ ማኅበረሰቡ ጉዳዩን ራሱ የሚቆርጥበት ወንበር አብሮ ሄደ።

ለረቢዎቹ የሚከራከሩ፣ ነገሩ የሃይማኖት ሕግ እንጂ የቆዳ ቀለም አይደለም ይላሉ፤ ከሕንድ የመጡት ቤኔ እስራኤሎችም በ1960ዎቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸው ተቃውመዋልና። የናታኒያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽም ያለዚህ ሥርዓት ቤተ እስራኤላውያንን ማጋባታቸው ሁሉም አንድ እንዳልነበረ ያሳያል። ረቢዎቹ ቅን ነበሩ ብንል እንኳ ውጤቱ አይለወጥም፤ የሚወስንልህ ሰው ቅንነት አንተን ወሳኝ አያደርግህም። በጃንዋሪ 1996 የቤተ እስራኤላውያን የደም ልገሳ በኤች.አይ.ቪ. ፍርሃት በድብቅ ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ሲወጣ ሺዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ሰልፍ የወጡት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ደም መስጠት ለሌላው መቆም ነው፤ ያ ነው የተመለሰባቸው። ልጆቹ ይለምዱታል ለሚሉ ደግሞ የ2015ቱ ሰልፍ አለ። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ የቤተ እስራኤል ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ከታየ በኋላ አደባባይ ከወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው የመጡ፣ ዕብራይስጡን እንደ ማንም የሚናገሩ፣ ጦር ሠራዊት ያገለገሉ ነበሩ። ጊዜም፣ ቋንቋም፣ ወረቀትም ነበራቸው።

በሌላ በኩል ሲግድ አለ። ከሥርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለውን ይህን በዓል የእስራኤል ፓርላማ በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገው። በዚያ ቀን ቄሶቹ ጥላ ተይዞላቸው ኢየሩሳሌምን ከላይ በሚያሳየው አርሞን ሃናጺቭ ላይ ከፊት ይቆማሉ፤ ባለሥልጣኖቹም ወደ እነሱ ይመጣሉ። በዓመት አንድ ቀን ነው ብሎ ማቃለል ይቻላል፤ እኔም ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣንን ይተካል አልልም። ከብዙ የድጎማ ፕሮግራም ይልቅ ግን ይህን አስበልጣለሁ፤ ድጎማ ተቀባይ ያደርጋል፣ ሲግድ አስተናጋጅ አድርጓቸዋል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ነገሩን ከተቃራኒው ጎን ያሳያል። በ1980ው የስደተኞች ሕግና በኋላም በዲቪ የመጡትን ኢትዮጵያውያን የአባቶቻችሁ አገር ነው ብሎ የተቀበላቸው የለም። እነሱ ግን ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ ደብሩን አቋቋሙ፤ በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽንም በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ ያሰባስባቸዋል። ሕዝብ በዛ፣ ጥያቄውም ከበደ፤ ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ መንግሥታዊ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ይህ መነጠል ነው፣ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ማርጀት ነው የሚል ትችት አለ፤ አንዳንዱ ላይ እውነት ነው። ግን ዕድር የመራ ሰው ነው የከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የሚከራከረው። ጠንካራው ትችት ሌላ ነው። በ2005 ገደማ በዩ ስትሪት አጠገብ ያለው ዘጠነኛ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሠፈሩን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ መዲና አድርገው የሚያዩ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ለፌርፋክስ ጎዳና የሰጠችው ስም ዋሽንግተን ላይ ያንን ያህል ቀላል አልሆነም፤ ተቃዋሚዎቹም አልተሳሳቱም። የአንዱ ባለቤትነት የሌላውን ሊገፋ እንደሚችል ዘርፉ ገና በቅጡ አልመረመረም።

በዚሁ መለኪያ አገር ቤትም ይጠየቅ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 «ቢጫ ካርድ» የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፣ ቤት እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥ ግን ከልክሎታል፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርም እንዲሁ። ጥምር ዜግነትም አይፈቀድም። ለሌላ ባንዲራ ቃል የገባ ሰው በዚህኛው አገር አይወስን የሚለው ክርክር ውኃ የሚቋጥር ነው። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. ዲያስፖራው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠየቅ፣ ገንዘቡ በትክክል ሥራ ላይ መዋሉን በድምፁ የሚጠይቅበት መንገድ አብሮ አልተሰጠውም።