ዲኤንኤና የጉዲፈቻ ልጆች፦ ተረትና እውነታ

ኢትዮጵያ ልጆቿን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት ያቆመችው በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው ባጸደቀው ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ደርሰው፣ ምራቃቸውን ለዲኤንኤ ምርመራ እየሰጡ ወገናቸውን ይፈልጋሉ። የአንዳንዶቹ እናት ወይም አክስት ዛሬም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አስኮ፣ አየር ጤና ወይም ዘነበወርቅ ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ የሚወራውን ከእውነታው መለየት የእኛም ጉዳይ ነው።

ተረት 1፦ «በጉዲፈቻ የሄደ ሁሉ ወላጅ የሞተበት ነው።»

እውነታ፦ ብዙዎቹ ሲሄዱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ድህነትና ሕመም አስጨንቋቸው «ተምሮ ይመለሳል» ብለው የሰጡ አሉ። ወረቀቱም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ የተባለውን የጉዲፈቻ ድርጅት ኃላፊዎች ከኢትዮጵያ ለሚወሰዱ ሕፃናት ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ብሎ ከሷል፤ ከተከሳሾቹም ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ያለው የተገኘበትን ቦታና ቀን የሚገልጽ የፖሊስ ደብዳቤ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስሙን ማሳደጊያው ያወጣለታል፤ የልደት ቀኑ በግምት ይሞላል። እንዲህ ላለው ሰው ማንም ያልነካካው ማስረጃ ዲኤንኤው ነው።

ተረት 2፦ «ምራቅ ከተላከ እናት ትገኛለች።»

እውነታ፦ ምርመራው ቀላል ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ቆይቶ በትንሽ ብልቃጥ ምራቅ እንትፍ ማለት ነው። አንሴስትሪን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ግን የሚያመሳክሩት እነሱ ዘንድ ከተመዘገቡ ሰዎች ጋር ብቻ ነው። እናትና ልጅ ግማሽ ያህል ዲኤንኤ ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ሩብ ያህል፤ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች 12.5 በመቶ ገደማ። ኮልፌ ያለችው እናት ካልተመረመረች ውጤቱ ላይ የሚወጣው ባሕር ማዶ የሚኖር ሩቅ ዘመድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱም ፍንጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ መደወል፣ ሽማግሌ መጠየቅና ትውልድ መቁጠር ይቀራል።

ተረት 3፦ «ዲኤንኤ ብሔርን ለይቶ ይናገራል።»

እውነታ፦ መቶኛው ግምት ነው፤ ኩባንያው የማነጻጸሪያ ናሙናውን ሲያሰፋ ያው ምራቅ ሌላ ቁጥር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት በበርካታ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ውስጥ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ የመጣ ዘር እንዳለ አሳይቷል። ውጤቱ ላይ «መካከለኛው ምሥራቅ» የሚል ያየ ልጅ «አባቴ ዐረብ ነው» ብሎ መደምደም የለበትም። ብሔር ከቋንቋ፣ ከአስተዳደግና ከቤተሰብ ታሪክ የሚወረስ ነውና በብልቃጥ አይለካም።

ተረት 4፦ «ወላጅን መፈለግ ያሳደገን መካድ ነው።»

እውነታ፦ ሕጋችን እንዲህ አያስብም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተፈጥሮ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ጸንቶ እንደሚቆይ ይደነግጋል። ፈላጊው ግን ጭንቅ ውስጥ ነው። እናቱ በሕይወት መኖሯን በሰማበት ቀን ያለ እሷ ያደገባቸው ዓመታት ያንገበግቡታል፤ ያሳደጉትንም እንዳላስቀይም ብሎ ይሳቀቃል። ሁለቱንም ቤተሰብ መውደድ መብቱ ነው፤ ምረጥ ሊባል አይገባም።

ተረት 5፦ «እናቲቱ ረስታዋለች፤ ባትጠየቅ ይሻላል።»

እውነታ፦ ዝምታ መርሳት አይደለም። የሰፈር አፍ ፈርታ፣ ወይም ለባሏና ለልጆቿ ሳትነግር ኖራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠይቃት ሰው በር ዘግቶ፣ ለብቻዋ፣ በአክብሮት ያናግራት፤ እምቢ ካለችም ውሳኔዋ ይከበር። መፈለግ ለምትሻ ደግሞ ልጆችንና ወላጆችን በነጻ የሚመዘግብ «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል ድርጅት አለ። ስልኳ ላይ መመዝገብ የሚያቅታትን ጎረቤት የሚረዳ ወጣት በየሰፈሩ አይጠፋም። ልጁ የድርሻውን አድርጎ እየጠበቀ ነው፤ የቀረው በእኛ በኩል ያለው ነው።