ሥራ ፈጠራ የማን ትምህርት ነው?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ሙያ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የመምህራን አካዳሚው በ1965 ተከተለ፤ ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሥሩ ሙያ ከሆነ ሥራ ፈጠራም የሁሉም ክፍል ትምህርት መሆን አለበት።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኢንተርፕረነርሺፕን (ሥራ ፈጠራን) እንደ የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ለውጤት ሲባል የተጻፈ የንግድ ዕቅድ ደግሞ ከፈተና በኋላ ብዙም አይገለጥም።

ትምህርቱ በየትምህርት ክፍሉ ሲገባ ምን ይመስላል? ጣና ዳር ወርዶ ማየት ይበቃል። ዓሣ አስጋሪው በደንገል ታንኳው ያመጣው ቀረሶ በረዶ ካላገኘ በፀሐይ ይበላሻል። የዘንዘልማው ግቢ የግብርና ተማሪ ስለ ዓሣው ያውቃል፤ የፖሊ ቴክኒኩ ስለ ማቀዝቀዣ፤ የአካውንቲንግ ተማሪው ወጪውን ያሰላል፤ የሕጉ የአስጋሪዎቹን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ያረቃል። ለየብቻቸው አራት የቤት ሥራ ነው፤ አንድ ላይ ድርጅት ሊሆን ይችላል።

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ግን ከዚህ ይከብዳል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ «ኮምፖስት ይሁን፣ ባዮጋዝ ይሁን» የማይል የለም። ይሁንና የአረሙ ክብደት ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው፤ በመኪና ማጓጓዝ ውሃ ማመላለስ ነው። ስለዚህ አዋጩ ሐሳብ እዚያው ዳር ላይ አድርቆ የሚጠቀም ነው። (አረሙ ገቢ ካመጣ እንዲጠፋ የሚፈልግ ማን ይቀራል? ይህም ክፍል ውስጥ ይነሣ።)

መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከፈተናው ግማሹን ትታችሁ ተማሪዎቻችሁን ወደ አስጋሪዎቹ ላኩ።