የወርክ ፐርሚቱ ኮድ

ሜሪላንድ በሚገኝ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎችን የገንዘብ ድጋፍ ጉዳይ አማክራለሁ። ከአገሬ ልጆች ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ "ሶሻል አለኝ፣ ወርክ ፐርሚት አለኝ" ይሉኛል፤ ለፋፍሳ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ የሚያበቃቸው እሱ ይመስላቸዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ካርዱ ላይ ያለችውን ኮድ ነው። ኤ05 ከሆነች ጥገኝነቱ ተፈቅዷል፤ ፎርሙን መሙላት ይችላል፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነም በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰውን ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። ሲ08 ከሆነች ግን ማመልከቻው ገና ውሳኔ አላገኘም፤ የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኝም። በጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ብቻ የሚኖርም እንደዚያው።

ይህን ለአንድ ወጣት መንገር ይከብደኛል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አድሮ የመጣ፣ ታክሱን የሚከፍል፣ ኢንተርቪው ለዓመታት የጠበቀ ልጅ ነው። ኬዙ ዘገየበት እንጂ ምንም አላጠፋም። መንግሥት የዘገየበትን ዕዳ ልጁ በመማሪያ ዕድሜው መክፈሉ ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም። እንዲህ ባለው ጊዜ "ዝም ብለህ ዜጋ ነኝ በል፣ ማን ያያል" የሚል መካሪ አይጠፋም። ያያሉ፤ ፎርሙ ከመንግሥት መዛግብት ጋር ይመሳከራል። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ግሪን ካርድን እስከ መጨረሻው ሊያስከለክል የሚችል ጥፋት መሆኑ ነው።

ተፈቅዶለት ሳለ ሳይጠይቅ የሚቀረውም ያንገበግበኛል። በዲቪ የመጡ "አምስት ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም" ሲባል ሰምተው ይተዉታል። ያ የጥበቃ ጊዜ እንደ ሜዲኬይድ ላሉ ሌሎች ድጋፎች የወጣ ነው፤ ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የለም። ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ሲገቡ ማኅተም የተመታበት የኢሚግራንት ቪዛ ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ብዙ ጊዜ የሚያጓትተው ስም ነው። በአንዱ ሰነድ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ወይም የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ ይሳሳታል፤ መዛግብቱ አይገጥሙም። ይህ ሰነድ በማቅረብ የሚስተካከል ነው፤ ለዚህ ብሎ ትምህርት የሚተው ሰው ሳይ አዝናለሁ።

እናቶችም ይመጣሉ። ልጅቱ እዚሁ ተወልዳለች፣ እናትየዋ ወረቀት የላትም። ልጅቱ ድጋፉን የማግኘት መብቷን የእናትየዋ ሁኔታ አይነካውም፤ ከ2024–25 ጀምሮም ሶሻል የሌለው ወላጅ የራሱን አካውንት ከፍቶ ፋፍሳውን መፈረም ይችላል። ፍርሃታቸውን ግን አላቃልልም። "ምንም አይደርስብዎትም" ብዬ ቃል መግባት ስለማልችል፣ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተማክረው እንዲወስኑ እነግራቸዋለሁ።

ሲ08 የያዘውንም ባዶ እጁን አልሸኘውም። የሜሪላንድ መራጮች በ2012 ያጸደቁት ሕግ እዚሁ ሃይስኩል ጨርሰው መስፈርቱን ለሚያሟሉ የነዋሪ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ፋፍሳ ለማይመለከታቸው ተማሪዎችም ስቴቱ የራሱ ማመልከቻ አለው። ማመልከቻውን አብረን እንጀምራለን። ኬዙ የተፈቀደለት ዕለት ደግሞ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ውሳኔውን ይዞልኝ እንዲመጣ አሳስበዋለሁ፤ በዚያው የትምህርት ዘመን ፋፍሳ ሊሞላ ይችላልና።