ማግኔትነት የሱፐርኮንዳክተር ጠላት ነው ወይስ ባለውለታ?

ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ንፋስ ስልክን አቋርጦ ቃሊቲ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ሽቦው የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ ኤሌክትሮኖች ከአተሞች ንዝረት ጋር እየተላተሙ ጉልበታቸውን በከፊል በሙቀት መልክ ያባክኑታል። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የተሸከመውም ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው።

የኤሌክትሪክ ተቃውሞን ፈጽሞ የሚያጡ ቁሶች ግን አሉ፤ ሱፐርኮንዳክተር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሲያቀዘቅዘው ተቃውሞው ድንገት ጠፋ። በ1986 ደግሞ ቤድኖርትስና ሙለር በዙሪክ የአይቢኤም ላቦራቶሪ መዳብና ኦክስጅን ያለበት ሴራሚክ ከዚያ በእጅጉ ሞቅ ባለ ደረጃ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳዩ። በዓመቱ ኢትሪየም የገባበት ዘመዱ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ተሳካ። ይህን ቅዝቃዜ ለማግኘት ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል።

የሚገርመው የእነዚህ ቁሶች አነሳስ ነው። በንጹሕ ይዞታቸው ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። የመዳብ አተሞቹ እያንዳንዳቸው ስፒን የሚባል ደቃቃ ማግኔት ይይዛሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያመለክት ጎረቤቱ ወደ ታች ያመለክታል። ከኤሌክትሮኖቹ ጥቂቱ ሲቀነስ ይህ ሥርዓት ይፈርስና ሱፐርኮንዳክተር ይወለዳል። በተለመዱት ሱፐርኮንዳክተሮች ግን ኤሌክትሮኖችን ያለ ተቃውሞ እንዲጓዙ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያጣምረው የአተሞች ንዝረት ሲሆን፣ መግነጢሳዊ ቆሻሻ ጥንዶቹን ይበትናል። ታዲያ እዚህ ማግኔትነት ምን ይሠራል?

መልሱ የሚፈለገው በስፒኖቹ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። አንድ ስፒን ሲነካ መናወጡ ወደ ጎረቤቶቹ ይተላለፋል፤ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ አገዳው ከሥሩ ሳይነቀል ማዕበሉ እንደሚጓዝ ማለት ነው። ይህን የስፒን ሞገድ ለማየት ተመራማሪዎች ኒውትሮን ይተኩሳሉ። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ ወደ ክሪስታሉ ጠልቆ ይገባል። ራሱ ግን ደቃቃ ማግኔት ስለሆነ ስፒኖቹን ይነካል። ሲወጣ የጎደለው ጉልበትና የተለወጠው አቅጣጫ የሞገዱን ጉልበትና ርዝመት ይናገራሉ። ለዚህ ዘዴ መሠረት የጣሉት ብሮክሃውስና ሸል በ1994 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በላንታነም መዳብ ኦክሳይድ ውስጥ የስፒን ሞገድ ጉልበት እስከ 300 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ የአተሞቹ ንዝረት ግን ከ100 አያልፍም። ኤሌክትሮኖችን የሚያጣምራቸው ስፒን ከሆነ፣ ሱፐርኮንዳክተርነት ከፍ ባለ ሙቀት መጽናቱ ትርጉም ያገኛል።

ኒውትሮን ግን ከቁስ ጋር እምብዛም ስለማይነካካ ትልልቅ ክሪስታል ይጠይቃል። ስስ ለሆነና ለትንሽ ናሙና የሚያገለግለው ሌላው መንገድ ጉልበቱ ከመዳብ አተም ጋር በልኩ የተቃኘ፣ 931 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለው ኤክስሬይ ነው። በ2011 በዚህ ዘዴ የታተመ ጥናት የስፒኖቹ የላይና የታች ሥርዓት ከፈረሰ በኋላም ብርቱ የስፒን ሞገድ በቁሶቹ ውስጥ እንደሚቀጥል አሳየ። በ2013 ደግሞ ሞገዱ ሱፐርኮንዳክተርነት በጠፋበት ናሙና ውስጥ ጭምር ተገኘ። ስለዚህ የሞገዱ መኖር ብቻውን ስፒን ኤሌክትሮኖችን ለማጣመሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ከኤሌክትሮኖች ጋር የሚገናኝበት ብርታትና የሞገድ ርዝመት ይወስናሉ። ክርክሩ ዛሬም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አፍሪካ ይህን ዓይነት ኤክስሬይ የሚያመነጭ፣ ሲንክሮትሮን የተባለ ትልቅ መሣሪያ የላትም። ነገር ግን እንደ ፈረንሳይዋ ግረኖብል ያሉ ማዕከላት የመለኪያ ጊዜ የሚሰጡት የቀረበውን የምርምር ሐሳብ መዝነው ነው። በአራት ኪሎም ሆነ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ የሚማሩ ወጣቶች ከዚህ መስክ ሩቅ አይደሉም፤ የሞገዱን ስሌት በኮምፒውተር መሥራትና የተለካውን መተርጎም ከወዲሁ ሊጀምሩት የሚገባ ሥራ ነው። ኃይልን ያለ ብክነት የማጓጓዝ ተስፋ ደግሞ ለሰፊ አገር ቅንጦት ሳይሆን ጥቅም ነው።