በአንድ ክር የሚጀምር ቫዮሊን

ቦንጋ ላይ በሰርግ ድንኳን ማሲንቆ የሰማ ሰው፣ ሀንጋሪያዊው ጆርጂ ሊጌቲ የደረሰውን የቫዮሊን ኮንቸርቶ ሁለተኛ ክፍል ቢያሰሙት ጆሮው ቶሎ ይለምደዋል። ቫዮሊኒስቱ አራት ክር እያለው ሦስቱን ይተውና በወፍራሟ፣ ሶል በምትባለዋ ብቻ ይጀምራል። አጃቢ የለውም። ጣቱ በዚያችው ክር ላይ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ረጅም፣ ቆዝሞ የሚሄድ ዜማ ያወጣል። አዝማሪውም ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ናት። ሊጌቲ ማሲንቆን አስቦ ጻፈ ማለት አይደለም፤ መንገዱ ግን ተገጣጥሟል።

ኮንቸርቶ አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር አንዴ እየተደጋገፈ፣ አንዴ እየተፎካከረ የሚጫወተው ድርሰት ነው። ይህኛው ለቫዮሊኒስቱ ሳሽኮ ጋቭሪሎፍ የተጻፈ ሲሆን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ክፍል ሆኖ በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ተሰማ። ሊጌቲ አልረካም፤ ከልሶት ከሁለት ዓመት በኋላ አምስት ክፍል ሆኖ መጣ።

መጀመሪያ ሲሰሙት ኦርኬስትራው መሣሪያውን ሳይቃኝ የተቀመጠ ይመስላል። ሆን ተብሎ ነው። ከአጃቢዎቹ አንድ ቫዮሊንና አንድ ቪዮላ ከሌሎቹ ለየት ብለው ይቃኛሉ፤ ቀንዶቹም በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ተፈጥሯዊ ድምፆችን ይነፋሉ። በዚሁ ሁለተኛ ክፍል ነፊዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ኦካሪና የምትባል፣ ከሸክላ ፊሽካ የምትቀራረብ ነገር ያነሳሉ። ድምፃቸው ትንሽ ይንሻፈፋል፤ ውበቱም እዚያው ላይ ነው።

የክፍሉ ርዕስ ውስጥ «ሆኬቱስ» የሚል ቃል አለ፤ ስቅታ እንደማለት ነው። አንድ ዜማ ተቆራርሶ ለብዙ ተጫዋች ይታደላል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። ስልቱ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የታወቀ ነው። ሊጌቲ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ባንዳ ሊንዳዎች፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ባላት ቀንድ ሲጫወት በቅጂ ሰምቶ ተደንቆ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ለካፋ ደገኛ ቀርከሃ አጥርና የቤት ዕቃ ነው። ከቦንጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደራሼ ላይ፣ ረጅምና አጭር ሆኖ ይቆረጥና ፊላ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ይሆናል። ነፊዎቹ ድምፃቸውን በየተራቸው እየጣሉ አብረው ይጨፍራሉ። አንዱን ለብቻው ቢሰሙት «ፉት» ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ከመሃላቸው ነው።

በኮንቸርቶው መጨረሻ ብቸኛው ተጫዋች የራሱን ፈጠራ እንዲያሰማ ቦታ ተትቶለታል፤ አዝማሪ እንደሚያደርገው። ቫዮሊኒስቷ ፓትሪሲያ ኮፓቺንስካያ የራሷን ትጫወታለች። ሊጌቲ ግን ጨዋታው ሲግል ኦርኬስትራው ድንገት ገብቶ እንዲያቋርጠው አድርጓል።