የኪራይ መኪና በአዲስ አበባ፦ ከሽንዲ ለሚመጣ አሽከርካሪ

ከሽንዲ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለሠርግ፣ ለሕክምና አለዚያም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ካለው፣ ታክሲ ተሰልፎ ከመጠበቅ መኪና ተከራይቶ ራሱ መንዳት ያምረዋል። መልካም ሐሳብ ነው። የኪራይ መኪና ግን የራሱ ወግ አለው፤ ከተማዋም እንዲሁ።

በነባሩ የታርጋ አሠራር ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው። ለኪራይ የተፈቀደ መኪና አረንጓዴ ታርጋ ይይዛል። ብዙ አከራዮች መኪናውን ከነሹፌሩ መስጠት ይመርጣሉ። ያለ ሹፌር ለሚወስድ ሰው መታወቂያ፣ የመንጃ ፈቃድ ኮፒና ማስያዣ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ዋስ ይጠየቃል። ኪራዩ በቀን ይታሰባል፤ ነዳጁ የተከራዩ ነው። ከከተማ መውጣትን የሚከለክል ውል ስላለ፣ መኪናውን ይዞ ሽንዲ ድረስ ቤተሰብ ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ተነጋግሮ ማጻፍ አለበት። ሌላም ነገር አለ፤ የመንጃ ፈቃድ ምድብ። ባለ ሦስት እግር ፈቃድ ይዞ ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ወጣት ምንም ያህል ቢካን በዚያ ፈቃድ ቪትዝ መንዳት አይችልም።

ቁልፉን ከመቀበል በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ትበልጣለች። አከራዩ አጠገብ ቆሞ ሳለ መኪናውን መዞርና ጭረቱን፣ ፓራውርቲውን፣ ስፖኪዮውን፣ የጎማውን ጥርስ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ይገባል። የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ስኮርታው ንፋስ እንዳለው በእጅ ተጭኖ ማየት፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖሩን ማረጋገጥም እንዲሁ። ፊት መስታወቱ ላይ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት መለጠፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ወገን እንጂ የተከራየውን መኪና አይደለም። መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው ወይ? ካለውስ አደጋ ሲደርስ ተከራዩ ከኪሱ የሚሸፍነው ስንት ነው? መልሱ በውሉ ላይ ቁጥር ሆኖ መጻፍ አለበት።

አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ለለመደ ሰው አንድ ነገር ላንሳ። በከተማው የሚከራዩት ትናንሽ መኪኖች ብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ናቸው። ፍሪሲዮን የለመደ ግራ እግር ባላሰቡት ሰዓት ፍሬኑን ይረግጥና መኪናዋ ቀጥ ትላለች፤ ከኋላ ያለውም መጥቶ ይገጫል። ግራ እግርን ወደ ጥግ ሰብስቦ፣ ጋዝም ፍሬንም በቀኝ ብቻ። ከእንግሊዝ የመጣ ዘመድ መሪውን ሲጠይቅ ደግሞ በደንብ ይታሰብበት፤ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ እሱ ግን ዛሬም በግራ ይነዳል።

የጎጃም መንገድ በሱሉልታ አልፎ፣ የእንጦጦን ተራራ ወርዶ አዲሱ ገበያ ይገባል። ፈተናው ከዚያ ወዲያ ያለው አደባባይ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቅድሚያ አደባባዩ ውስጥ ላለው ነው። የሚወጡበትን መንገድ ሳይገቡ መወሰን፣ መስመር ይዞ ፍሬቻ ማሳየት፣ ካመለጠም አደባባዩን ደግሞ መዞር ነው። ወደ ኋላ መመለስ ወይም መሃል መቆም ግን አደጋ ይጠራል። ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ ፊት ለፊት ካለ ዓይን ከረዳቱ እጅ አይነቀል፤ እጁን በመስኮት ካወጣ ታክሲው ሊገባ ነው፤ ተሳፋሪ ካየ ደግሞ ፍሬቻ ሳያሳይ ይቆማል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው ከመገናኛ ወደ አያት ሲኬድ ባሰቡት ቦታ ወደ ግራ መታጠፍ አይቻልም። ቀለበት መንገድም ላይ መውጫ ያለፈ ሰው ቀጣዩን መጠበቅ ግድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን ስለለወጠ የድሮ ሰው «ከሱቁ ጋ ታጠፍ» ብሎ የሚሰጠው ምልክት ላይገኝ ይችላል። የስልክ ካርታ ይረዳል፤ ስልኩ ግን በማስቀመጫው ላይ ይሁን እንጂ በእጅ አይያዝ።

ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ስልክ መተግበሪያ ስለሆነ ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ይኑር። ትራፊክ ፖሊስ በጥፋት ታርጋ ከፈታ ቅጣቱን የሚከፍለው፣ መኪናው የቆመበትንም ቀን ኪራይ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ ነው፤ ይህም በውሉ ይታይ።

የገጠሩ አሽከርካሪ ባዶ እጁን አይመጣም። በገበያ ቀን ከብቱን፣ ጋሪውንና ሕፃኑን እየጠበቀ በሽንዲ መሃል ያለፈ ሰው የእግረኛን ሐሳብ ከፊቱ ማንበብ ያውቃል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎችን የሚጎድላቸውም ይኸው ነው። እሱን የሚጎድለው የመስመር ልምድ ነው፤ በእኔ ግምት ለዚያ የሚበጀው መኪናውን እሑድ ማለዳ ተቀብሎ፣ ጭር ባለው መንገድ ሰኞ የሚሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ነድቶ ማየት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከሹፌር ጋር መከራየትም ገንዘብ ማባከን አይደለም።

አከራዩ «ውሉን ኋላ እንጽፈዋለን» ካለዎት ግን ቁልፉን አይቀበሉ፤ የዚያን ቀን ጉዳይዎን በራይድ ታክሲ ይጨርሱ።